በቃጫ ያሰርኩት የልጄ መተንፈሻ

ይህ የሆነው ባለፈው በጋ ነው። ዛሬም ሳስበው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ ያስፈራኛል። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ ስህተት ካለው እለፉኝ።

ልጄ ጽጌ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ሥራሽ ምንድን ነው ስላት «የውሃ ሥራ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም ወንበር ላይ ተቀምጣ የውሃ ቢል የምትጽፍ መስሎኝ፣ ቦንጋ ገበያ ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ «ልጄ ውሃ ቢሮ ናት» እያልኩ ስኮራ ኖርኩ።

ያን ጊዜ የጎጀብን ወንዝ ድልድይ እግር ልታይ መጣች። ጠዋት ዕቃዋን በረንዳው ላይ ዘረገፈችው። ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ጭንብል፣ የአየር ሲሊንደር ከሚታዘልበት ሰደርያ ጋር፣ እንደ እባብ የተጠማዘዙ ጥቋቁር ቱቦዎች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ውሃ ውስጥ መተንፈሻ።»

«ማን ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው?»

«እኔ ነኛ፣ እማዬ!»

ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ። እሷ እየሳቀች ቱቦዎቹን ገጣጠመችና ልትታጠብ ገባች።

ብቻዬን ስቀር ዕቃውን አገላብጬ አየሁት። አንዱ ቱቦ በቀኝ ብብት ሥር ዞሮ ጭንብሉ ላይ ይገባል። እሱስ ጠንካራ ነው። ሌላኛው ግን ጫፉ ላይ በጥርስ የሚያዝ መተንፈሻ አለው፤ እሱን የያዘችው አንገት ላይ የምትጠለቅ ክር የምታህል ላስቲክ ናት። ነካ ባደርገው ወለቀ።

«ይሄንማ ውሃው ይወስድባታል!» አልኩ። ሮጬ የእንሰት ቃጫ አመጣሁ። ቆጮ ለገበያ ስጠቀልል እንደማስረው፣ ከሰደርያዋ ማንገቻ ጋር ሦስት ዙር ጠምጥሜ ቋጠርኩት። የከተማ ልጅ ናት፣ በቃጫዬ እንዳትስቅብኝ ብዬም በሰደርያው ጨርቅ እጥፋት ሸፈንኩት።

ከዚያ አብሬሽ ካልሄድኩ አትሄጃትም ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ወንዙ ዳር አለቃዋ ጋሽ ተሾመ ከሠራተኞቻቸው ጋር ይጠብቁን ነበር። ጽጌ ስትለብስ እሳቸው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየሳቡ ይፈትሻሉ። እኔ ያሰርኩት ጋ ሲደርሱ ሳቡት፤ እምቢ አለ። ደግመው ሳቡት።

«ጽጌ! ጭንብልሽ ውሃ ቢያስገባ አውልቀሽ የምትተነፍሺው በዚህ አይደል? በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ካልደረስሽበት ምን ይውጥሻል?»

«እኔ እንዲህ አላሰርኩትም፣ ጋሽ ተሾመ።»

«በቃ፣ ዛሬ አትገቢም። የራሷን ዕቃ የማታውቅ ሰው እኔ አላስገባም!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ዝም ብል ልጄ ውሃ ውስጥ አትገባም። እኔስ የምፈልገው ይህንኑ አልነበር? ግን ፊቷን አየሁት። ዕንባዋ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አልኩ። «እንዳይጠፋባት ብዬ ነው።»

ጋሽ ተሾመ ጨርቁን ገልጠው ቋጠሮውን አዩትና፣ «እትዬ አልማዝ፣ ይሄ እኮ የበሬ ማሰሪያ ነው!» አሉኝ።

«የቆጮ ነው» አልኳቸው።

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ጽጌም ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ቃጫው ግን በጣት አልፈታ ብሎ በቢላ ተቆረጠ።

ከዚያ ልጄ እጄን ያዘችና ሁሉንም በራሴ እጅ አሠራችኝ። ዋናውን ቱቦ በቀኝ ብብቷ ሥር አሳለፍኩ። ትርፉን መተንፈሻ በቀጭኗ ላስቲክ አገጯ ሥር አንጠለጠልኩ። «አሁን ሳቢው» አለችኝ። ሳብኩት፣ ወለቀ። «አየሽ? መውለቁ ነው የሚያተርፈኝ።» መልሼ አንጠለጠልኩት።

ስትጠልቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው ከጋሽ ተሾመ የመነጋገሪያ ሣጥን ውስጥ ድምጿ መጣ፤ ጭንብሉ ለካ ያናግራል!

«እማዬ፣ ይሰማሻል?»

«ቁርስሽን ሳትጨርሺ እኮ ነው የሄድሽው!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ዓሣዎቹም ሰሙ» አሉ ጋሽ ተሾመ።

በሰላም ወጣች። ፍርሃቱ ግን ዛሬም አልለቀቀኝም። ልጄም ታውቃለች፤ የትም ትሁን ከመግባቷ በፊት ትደውልልኛለች።

«በቀኝ ብብትሽ ሥር ነው?» እላታለሁ።

«አዎ።»

«ትርፉስ በቀጭኗ ላስቲክ ነው?»

«በቀጭኗ ነው።»

«ሳብሽው?»

«ሳብኩት፣ እማዬ። ወለቀ፣ መለስኩት።»

«እንግዲያው ግቢ» እላታለሁ።