የወንድሜ ዋናተኞች

ሲያትል አየር ማረፊያ ጥገኝነት እፈልጋለሁ እንዳልኩ፣ ካቴና ያጠለቀብኝ መኮንን «ጠበቀብህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አገር ቤት ስታሰር እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። «ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ» አልኩት፣ ሻይ የጋበዘኝ ይመስል።

በቫን ወደ ስደተኞች ማቆያ ወሰዱኝ። ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ተደራራቢ አልጋ፣ የብረት መጸዳጃ፣ የማይከፈት ጠባብ መስኮት። የበረኪና ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ታችኛው አልጋ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ወፍራም ሰው ተጋድሟል። አበሻ መሆኔን ሲያይ ብድግ አለ።

«እንኳን ደህና መጣህ እንዳልልህ ቦታው አይመችም» አለኝ።

እዚያው ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር እየኖረ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። የመኖሪያ ወረቀቱ ጉዳይ ተበላሽቶበት ነው የገባው። ጋሼ አልኩት።

«ሶ፣ ዕቃህን ወሰዱብህ?»

«ሌላው ይቅር። ደብተሬን ነው የምፈልገው።»

ደብተሩ የወንድሜ ነው። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምር ነበር። አንድ ስብሰባ ላይ በተናገረው ነገር እሱንም እኔንም ወሰዱን። እኔ በሁለት ወር ወጣሁ። እሱ ዘግይቶ፣ ታሞ ወጣ። በወጣ በአራተኛው ወር ሞተ። ደብተሩን የጻፈው አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ሌላ የእጅ ጽሑፉ የለኝም፤ ቤቱ ሲፈተሽ ሁሉም ሄዷል።

ጋሼ ደንቡን ነገረኝ። ክፍል ውስጥ የሚፈቀደው የጸሎት መጽሐፍ፣ የፍርድ ቤት ወረቀትና ደብዳቤ ብቻ ነው። ሌላው ዕቃ ቤት ይገባል። ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲዘዋወር ደግሞ ዕቃው ሁልጊዜ አይከተለውም።

«ቀላል ነው» አለ። «ዳዊት ነው በላቸው። ፊደሉን ማን ያነበዋል? ሳም አድርገህ ግንባርህን አስነካው። ኦኬ? አለቀ።»

እውነቱን ለመናገር ያዋጣ ነበር። ግን ወንድሜ ብዙ የደከመበትን ሥራ በሌላ ስም ልጠራው አልፈለግኩም።

ከምሳ በኋላ ዕቃ ወደሚመዘገብበት ክፍል ጠሩኝ። መኮንኗ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ትልቅ ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩና የማስተርጎሚያ ስልክ አሉ። ከስልኩ ውስጥ አንዲት አስተርጓሚ «ጤና ይስጥልኝ፤ የሚባለውን ሁሉ እተረጉምልዎታለሁ፤ ምክር መስጠት ግን አልችልም» አለች። ከኋላዋ ሕፃን ልጅ በእንግሊዝኛ ብስኩት ይለምናል።

መኮንኗ ደብተሩን አንስታ ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ሒሳብ ነው» አልኩ።

«የምን ሒሳብ?»

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት። የማውቀውን ያህል ተናገርኩ። የሚሽከረከር ሳህን አለ። ሳህኑ ላይ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ውስጥ በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ አለ፤ ሙቀት ቶሎ እንዲያስተላልፍ ነው። ብናኙ እንዳይዘቅጥ ደግሞ ዋናተኞች ይጨመሩበታል። እነሱ ወደ ላይ እየዋኙ ፈሳሹን ያማስሉታል። ወንድሜ ፈሳሹ በየት በኩል እንደሚሄድ በሒሳብ ይጽፍ ነበር።



«ይቅርታ ልጄ» አለች አስተርጓሚዋ፣ እርስዎ ማለቱን ረስታ። «የምን ዋናተኞች?»

«ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው።»

«እንደ ጀርም?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይበሉ» አልኩ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ።

ተረጎመች። መኮንኗ ደብተሩን ለቀቀችው። ከመሳቢያ የላስቲክ ጓንት አውጥታ አጠለቀች። በሁለት ጣቷ አንስታ ፌስታል ውስጥ ልትከተው ስትል ጮህኩ።

«ውስጡ የሉም! በሒሳብ ብቻ ነው ያሉት! አንድም ዋናተኛ የለበትም!»

አስተርጓሚዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። እየሳቀች ተረጎመች። መኮንኗ እኔን አየች፣ ደብተሩን አየች፣ ጓንቷን አወለቀች። አንድ ገጽ ገልጣ ዳር ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ነካች። ይህ ደግሞ ቁጥር አይመስልም፣ አንብበው አለችኝ።

የወንድሜ አማርኛ ነው። አነበብኩ።

«አንተ ሰነፍ፣ ይህችን መስመር ዝለላት፤ ትልልቆቹም ያለቅሱባታል። ሳህኑ ሲሽከረከር ፈሳሹን ወደ ዳር ይወረውራል፤ በምትኩ ከላይ ሌላ ይወርዳል። ገባህ? ካልገባህ ውሃ ጠጣና ድገመው።»

አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ ተረጎመች።

«ሰነፉ ማነው?» አለች መኮንኗ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የተጻፈው ለአንተ ነው።» መነጽሯን አጥልቃ ቅጹን ሳብ አድርጋ «ደብዳቤ» ብላ ሞላች። ብዕሩን ወደ እኔ ገፋችው።

አልፈረምኩም። «ሒሳብ የሚለውም ይጨመርልኝ» አልኩ። ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። ከዚያ ጨመረችው፤ «ደብዳቤ፣ ስለ ሒሳብ»። ፈረምኩ።

ደብተሩን ይዤ ስገባ ጋሼ ተነስቶ ቆመ።

«ሳምከው አይደል?»

«የለም ጋሼ፣ እውነቱን ነገርኳቸው።»

«እውነቱን? ይሠራል እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ሳልሞክረው!»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

አሁን ከማቆያው ወጥቼ፣ ሲያትል አጠገብ ስካይዌይ ነው የምኖረው። ቀን አውቶቡስ አጥባለሁ፣ ማታ ኮሌጅ ሒሳብ እማራለሁ። ወንድሜ ዝለላት ያለኝ መስመር ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረኛል።

ደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ትቶልኛል። «ሳህኑን በጣም ብናፈጥነው ዋናተኞቹ ምን ይሆናሉ? አስብና ንገረኝ» ይላል። በሕይወት እያለ አልመለስኩለትም፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ የማወራው ስለ ኳስ ነበር። መልሱን የጻፍኩት ማቆያው ክፍል ውስጥ፣ በሰጡኝ አጭር እርሳስ ነው። «ወደ ዳር ይወሰዳሉ፤ መዋኘት ግን አይተዉም።»

ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ኮሌጅ ያለችውን መምህሬን ብጠይቃት ትነግረኛለች። አልጠየቅኳትም። ያንን ደብተር ማረም የእሱ ነው።