መራመድ ያስተማሩኝ የኔታ ኢርማ

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁ ማታ እምየ አላለቀሰችም። ተቆጣች እንጂ። የበርበሬ ነጋዴ ነበርኩ፤ ከቡሬ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። በርበሬው መጋዘን ውስጥ ሻገተ፤ እኔም አብሬው መሻገት ስጀምር ልሂድ አልኩ። እምየ በሶውን እየቋጠረች፣ ፊቷን ሳትመልስልኝ፣ በስሜ ጠርታ «ይበልጣል» አለችኝ፣ «በሰው አገር የሚያስተምርህ ሰው ካገኘህ እግሩን እጠብ። ሲደክም ጡር። ጥለኸው እንዳትሄድ።»

አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሲያረጁ ተማሪዎቻቸው ናቸው ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሷቸው፤ «ለእኛ ለልጆቻቸው ተራ አይደርሰንም ነበር» ትላለች።

«እሽ እምየ» አልኳት። እሽ ማለት ምን ያስከፍላል? የምሄደው ልነግድ እንጂ ልማር አልነበረም።

ደላላው ብራዚል አደረሰኝና ከዚህ ወዲያ እንደሌሎቹ ስደተኞች ጫካ አቋርጠህ ወደ ሰሜን ውጣ አለኝ። ጫካውን ያለፉ ልጆች የላኩትን ቪዲዮ አየሁ። ነጋዴ ነኝ፣ ኪሳራ ከሩቅ ይሸተኛል። የእጅ ሰዓት እያዞረ የሚሸጥ አንድ ሴኔጋላዊ «እኔ ወደ ታች ነው የምወርድ» ሲል ተከተልኩት። በአውቶቡስ ወርደን ወርደን ቦነስ አይረስ ገባን፤ እዚያ ጃንጥላ አዟሪ ሆንኩ።

አገሩ አይከፋም። በኅዳር መንገዱ ሁሉ እንደ ባሕር ዳር ወይን ጠጅ አበባ ይለብሳል። ስጋቸው ክምር ነው፣ ግን አንዲት ፍሬ በርበሬ አይነካውም፤ ለእኔ ይህ ስድብ ነው። ማቴ የሚሉት ቅጠል አላቸው፤ በአንዲት ቅል ያፈሉና በአንድ የብረት ቀሰም በየተራ ይመጥጡታል። መጀመሪያ ስቀምሰው ኮሶ ያጠጡኝ መስሎኝ ነበር።

ክፍል የተከራየሁት ከዶኛ ኢርማ ቤት ነው። ዶኛ ማለት እንደኛ እትየ ማለት ነው። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ ባል የሌላቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ የታንጎ አስተማሪ። ያከራየኝ ግን የወንድማቸው ልጅ ሁሊዮ ነበር።

«ሥራህ?»

«ጃንጥላ እሸጣለሁ።»

«ካልዘነበስ?»

«የፀሐይ መነጽር።»

«ደመና ሆኖ ካልዘነበስ?»

«ያን ቀን እተኛለሁ። ክፍል የምፈልገውስ ለዚያ አይደል?»

ሴትዮዋ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። ቤቱን ያገኘሁት በዚያ ሳቅ ነው።

አንድ ቀን በኮሪደሩ ሳልፍ ጠሩኝ። «አህያ እየነዳህ ነው?» ከጅጋ ፍኖተ ሰላም አህያ ስነዳ ነው ያደግሁት፣ አልኳቸው። «ያስታውቃል። ና ወዲህ።» ሁለት ወር ሙሉ ያስተማሩኝ መራመድ ብቻ ነው። በእኛ አገር ጭፈራ ትከሻ ይሠራል፣ እግር ያርፋል፤ እዚያ ትከሻ ያርፍና እግር ይሠራል። ዘፈኑ በጀመረ ቁጥር ትከሻዬ ሲነቀነቅ በሁለት እጃቸው ይጫኑታል፤ «ይሄን ፈረስ እሰረው!» ይሉኛል።

ሁልጊዜ ግን እርምጃውን ከማሳየታቸው በፊት የማን እንደሆነ ይናገራሉ። «ይቺ ዙሪት የሥጋ ሻጩ የቲቶ ናት።» «ይሄ ዝምታ የልብስ አጣቢዋ የኔሊዳ ነው፤ አትቸኩልበት፣ አደራ ነው።» የሞቱ መምህሮቻቸውን ስም ሳይጠሩ እግር አያነሱም። አያቴም ቅኔ ሲያስቆጥሩ ከማን እንደተማሩት ሳይናገሩ አይጀምሩም ነበር አሉ። ይህን ያሰብኩ ቀን ነው አፌ ላይ «የኔታ» የመጣልኝ። ቃሉን ወደዱት። ከትምህርት በኋላ ሙቅ ውኃ በጨው አቀረብኩና እግራቸውን ላጥብ ተንበረከክሁ። «አብደሃል እንዴ?» ብለው ጮኹ። በሳምንቱ ውኃው ሲዘገይባቸው ግን የጮኹት ጩኸት ይብስ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሚሎንጋ ወሰዱኝ፤ ሚሎንጋ ታንጎ የሚጨፈርበት አዳራሽ ነው። እዚያ እንጨፍር ብሎ በአፍ መጠየቅ ነውር ነው። ወንዱ ከሩቅ ሴቲቱን ያያታል፣ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። ከፈለገች ትመልስለታለች፤ ካልፈለገች ዓይኗን ታዞራለች፤ ማንም አያፍርም። የእኛ ሽማግሌዎች ያወጡት ደንብ ይመስላል። ለእኔ ግን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ገባሁ፤ በየጠረጴዛው አሮጊቶች ተቀምጠዋል። ታዲያ ሽማግሌ ያለበት ቤት የገባ የጎጃም ሰው ምን ያደርጋል? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ለቀኝም ለግራም እጅ ነሣሁ።

አራት ሴቶች ተነሡ። አንዷ ምርኩዛቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ነበር።

የኔታ አፋቸውን በማራገቢያ ሸፈኑ። «እንግዲህ ጨፍር፣ ጋብዘሃል!» ከአራቱም ጋር ጨፈርኩ፤ ምርኩዝ የነበራቸው ሴትዮ ናቸው ተሸክመው ያስጨረሱኝ። ከዚያ ወዲያ ፈርቼ መሬት መሬት ሳይ ወር ሙሉ አንድም ሰው ከእኔ ጋር አልጨፈረም። ለካ አንገት ደፍቶ ማደግ እዚያ አገር ጦም ያሳድራል።

እንዲህ ሦስት ዓመት ኖርን። አንድ ጠዋት የኔታ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና፣ «ይቺ ዙሪት የ...» ብለው ቆሙ። ጠበቅሁ። ዘፈኑ አለቀ።

«የሥጋ ሻጩ የቲቶ» አልኳቸው።

«ቲቶ ማነው?»

በሁለተኛው ወር ምድጃውን ለኩሰው ወጡ፤ በሦስተኛው ደረጃው ላይ ወደቁ። ሁሊዮ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባቸው፤ ቤቱም ሊሸጥ ሆነ። ክፉ ሰው አይደለም። «እኔ እጦራቸዋለሁ፣ እግራቸውንም እኔ ነኝ የማጥበው» ስለው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ተከራይ ነህ» አለኝ።

መጦሪያው በር ላይ ኮምፒዩተር የያዘች ሴት አለች።

«ምናቸው ነህ?»

«ተማሪያቸው።»

ኮምፒዩተሯ ላይ ካለው ዝርዝር ፈለገች፣ ፈለገች። «ልጅ አለ፣ ወንድም አለ፣ የወንድም ልጅ አለ። ተማሪ የሚል የለም።»

«ሌላ የሚል የለውም?»

«አለው። እሱ ለጥገና ሠራተኞች ነው።»

«እንግዲያው ቧንቧ ልጠግን ነው የመጣሁ በይ።»

«ቧንቧው ደህና ነው» አለችኝ፤ አዝናልኛለች ግን።

በገበያ ስንት ሰው አሳምኛለሁ። የነቀዘ በቆሎ እንኳ አሞግሼ ሸጫለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና። አንዲት በር ማስከፈት አቃተኝ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከአጥሩ ውጭ ጃንጥላዬን ይዤ እቆማለሁ። ከሰዓት በመስኮቱ አጠገብ ያስቀምጧቸዋል። ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ፣ እንዳስተማሩኝ አንገቴን ነቅነቅ አደርጋለሁ። ያዩኛል። ከዚያ ዓይናቸውን ያዞራሉ። ሴት ዓይኗን ካዞረች ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው እሑድ እዚያው ቆሜ ስልኬ ጮኸ። በአገር ቤት ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንታት ሆኖት ነበር፤ እምየ ናት።

«ይበልጣል! አለህ? ልጀ፣ አለህልኝ?»

«አለሁ እምየ። እናንተስ?»

«እኛማ እንዳለን አለን፤ ተወው። የኔታህ እንዴት ናቸው? እግራቸውን ታጥባለህ?»

«አዎ» አልኳት።

«የት ናቸው አሁን?»

«እዚሁ... ፊት ለፊቴ።»

«እሰይ! እስቲ ስጣቸው፣ ላመስግናቸው።»

«ቋንቋ አይሰሙም እኮ እምየ።»

«ምርቃት ቋንቋ አለው እንዴ? ስጣቸው አልኩህ!»

ምን ላድርግ? ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በአጥሩ ብረት መካከል አሾለክሁት። እምየ ከፍኖተ ሰላም መመረቅ ጀመረች። ልጄን በሰው አገር ሰው ያደረጉልኝ፣ ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ ያድርግልኝ፣ እግርዎን እንቅፋት አይምታው፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣዎ። መንገደኛው ቆም እያለ ያየኛል፤ በመካከላችን ሣር አለ፣ መስታወት አለ።

«ሰሙኝ?» አለች።

ቀና ብዬ አየሁ። የኔታ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል፤ ተኝተው ይሁን ምን አላውቅም።

«ሰምተዋል እምየ። አንገታቸውን ደፍተው ነው የተቀበሉሽ።»

«ታዲያ አሜን አላሉም?»

መስመሩ ተቋረጠ። ደወልኩ፤ አይሠራም። እስካሁንም አይሠራም።