ለእትዬ የሺ የገባሁት ቃል

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ለምክክር ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። መንግሥት የሰውን መረጃ እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚደነግግ ረቂቅ ደንብ ነው የቀረበልን። ወጣቱ ባለሙያ «የግል መረጃ በምስጢር ይጠበቃል» ብሎ ሲያነብ፣ እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ይህንኑ ቃል ለአንዲት ሴት መናገሬ ትዝ አለኝ።

ያኔ ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ለቀበሌው ቤት ለቤት እየዞርሁ ቤተሰብ እመዘግብ ነበር። ክረምቱ መውጣቱ ነው፤ መንገዱ ገና ጭቃ፣ ጓሮው ሁሉ አደይ። የገባሁበት ቤት ሁሉ ትኩስ ቅቅል ድንች ሳያቀምሰኝ አይሸኘኝም። እትዬ የሺ ባላቸው ሞተውባቸው ለገበያ ዳቦ እየጋገሩ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ።

«እቤት የታመመ ሰው አለ?» አልኋቸው።

«ወረቀቱን ማን ያየዋል?»

«ከቢሮ አይወጣም እትዬ፣ ቃሌ ነው።»

ልጆቹን ወደ ውጭ ላኩ። ከዚያ አማርኛውን ትተው በአገሩ ቋንቋ በአውንጊ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደሚወስዱ ነገሩኝ። ሰው እንዳያውቅባቸው ዳንግላ ድረስ ነበር የሚመላለሱት። ጻፍሁት።

ወር ሳይሞላ ለእርዳታ የተመረጡ ሰዎች ዝርዝር የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከስማቸው ጎን፣ «ምክንያት» በሚለው ስር፣ የበሽታው ስም ተጽፏል። ከእኔ መዝገብ የተገለበጠ ነው። ወደ ቢሮው ኃላፊ ሮጥሁ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ምስጢር ነው፤ ያንሱት!»

ክፉ ሰው አልነበረም። «ካልለጠፍን ለዘመድ ሰጡ እንባላለን። ለጥፉ ተብለናል። አትለጥፉ የሚል መመሪያ ካለሽ አሳዪኝ» አለኝ።

አልነበረኝም። ወጥቼ ወረቀቱን ቀደድሁት። ግን የገበያ ቀን ነበር፤ ያነበበው አንብቧል። ከዚያ ወዲህ የእትዬ የሺ ዳቦ እንደወጣ ይመለስ ጀመር።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ሲጭኑ ደረስሁ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፣ አንቺን አልረግምሽም። ግን ካልጠበቃችሁት ለምን ጠየቃችሁኝ?»

የት እንደደረሱ፣ መድኃኒቱን ይቀጥሉ ያቋርጡ፣ እስካሁን አላውቅም።

በስብሰባው እጄን አውጥቼ «ምስጢሩ የወጣበት ሰው ለማን ነው አቤት የሚለው?» ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ በትሕትና «እሱ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል፣ እናቴ» አለኝና ገጹን ገለጠ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብሁ።

ደንቡ ይጸድቃል፤ የአማርኛውም አጻጻፍ ያማረ ነው። እኔን ተስፋ የሚያስቆርጠኝ ያ ኃላፊ ደግ ሰው መሆኑ ነው። ደግ ሰው ነገም የታዘዘውን ይለጥፋል።