ከአጎቴ በር እስከ ዋርካው

የእንሰት ቅጠል በእሳት ሲለበለብ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ሶዶ ገበያ ውስጥ ድንገት ከመጣብኝ፣ ቦዲቲ አጠገብ ወዳለው ቀበሌያችን፣ ወደ ወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ወደ ጊፋታ ዋዜማ ይመልሰኛል። እናቴ ቅጠሉን አለስልሳ ቅቤ ትጠቀልልበት ነበር፤ አባቴም ያንን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ በእንሰቱ መሀል በጓሮ በኩል ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ አጎቴ ባሳ ቤት ይሄድ ነበር። አጎቴ በየዓመቱ ሳይከፍትልን ይመልሰን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በድንበር ነው። አጎቴ ወደ እኛ መሬት ገፍቶ ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠው ለአባቴ ፈርደው ነበር። እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ስለነበር፣ ጥፋተኛው በሩን ዘግቶ እኛ ደጅ መጥናታችን ያበግነኝ ነበር። «የተፈረደው ላንተ አይደል እንዴ?» ስለው፣ «እኔ በወንጌል የታዘዝኩት እንድሄድ ነው፤ መክፈት የሱ ፈንታ ነው» ይለኝ ነበር።

ክረምት ገብቶ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስም ከቤተ ክርስቲያን አንቀርም ነበር። የጌታ እራት ሲቀርብ ግን አባቴ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ጽዋውን ሳይቀምስ አጠገቡ ለተቀመጠው ያሳልፍ ነበር፤ ወንድሙ ተቀይሞት ሳለ መቅረብ አይሆንለትም። እኔም አባቴ ያን ሁሉ ዘመን አምኖ፣ ዘምሮ፣ ጾሞ፣ በመጨረሻ ሰማይ ቤት ሳይገባ እንዳይቀር እሰጋ ነበር።

በሦስተኛው ጊፋታ አጎቴ በሩን ገርበብ አድርጎ ተናገረ። «አገር እየሰማ ዋርካው ሥር ‹ይሄ ያባቴ ልጅ አይደለም› አልከኝ። አሁን ማንም ሳያይህ በጓሮ ቅቤ ይዘህ ትመጣለህ?»

አባቴ እንዲህ ማለቱን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ስንመለስ፣ «ታዝዣለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ የቀለለኝን ነው የመረጥኩት» አለኝ።

በማግስቱ በዓሉን ብሎ አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ፣ አባቴ መሀል ገብቶ ቆመ። «መሬቱ የኔ ነበር፤ ስድቡም የኔ ነው። ባሳ ያባቴ ልጅ ነው፣ ታላቄም ነው» ብሎ አጎቴ እግር ላይ ወደቀ። እኔ አፍሬ እናቴ ነጠላ ውስጥ ተደበቅሁ። አጎቴ ቶሎ አላነሳውም፤ ቆይቶ ግን በሁለት እጁ ደግፎ ብድግ አደረገውና «አንተ ደግሞ አበዛኸው፤ ተነስ፣ ሥጋው ይጠብቀናል» አለው። ባሕር ዛፉ ሌላ አንድ ዓመት ቆሞ ከርሟል፣ እናቴም እያየችው ስታጉረመርም ከርማለች። አባቴ ግን በጋ ሲገባ ጽዋውን ሳያሳልፍ ጠጣ።

ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ወድቆ ስንት ጊዜ እንደተነሳ የምናውቅ እናውቃለን፤ እስከ መጨረሻው ጸንቶ አርፏል፣ የት እንዳለም አልጠራጠርም። እኔ ዛሬ ሶዶ ቢሮ ውስጥ አለቃ ነኝ፤ ሰውን በሰው ፊት አሳንሼ፣ ይቅርታዬን ለብቻው በስልክ መልእክት መላክ ለምጃለሁ። ባለፈው ሳምንትም አንዲት ባልደረባዬን በስብሰባ መሀል አዋረድኳት፤ ማታም እንደ ልማዴ መልእክት ላክሁላት። ሰኞ ያን የሰሙት ሁሉ ባሉበት እንሰበሰባለን፤ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ።