ኔትወርክ የለም የተባለበት ክረምት

ትናንት ሸሕዲ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ገና ጉዳዬን ሳልናገር ልጅቷ «ኔትወርክ የለም» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት «እሺ» ብለው ተበተኑ። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ የጀመረኝም ገለጉ ከተማ ሳስተምር ነው።

ገና ጀማሪ መምህርት ሳለሁ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች የፈተና መለማመጃ ድረ ገጽ ሠራሁ። ጎንደር በተማርኩበት ኮሌጅ ኮምፒውተር ስሞክረው ምንም እንከን አልነበረበትም። ገለጉ ወስጄ በላፕቶፔ ስከፍተው ግን ርዕሱና ሥዕሉ ብቻ መጣ። ጥያቄዎቹ የሉም፤ መልስ የሚያርመውም ቁልፍ ቢጫኑት ዝም።

ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀዝቃዛ የከርከዴ ሻይ ሳያስጠጡኝ ከቢሯቸው ወጥቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ብርጭቆውን እያቀበሉኝ ፈረዱብን።

«ድረ ገጽ ያለ ኔትወርክ አይሆንም፣ ልጄ። እስኪመጣ ልጆቹ አረም ይግቡ» አሉ።

ዝናቡ ጥሎ ሰሊጡ በቅሏል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ለአረም እየጠየቁ ነበር። አንዴ አረም የገባ ተማሪ ከፈተናው በፊት ደብተር እንደማይነካ ሁላችንም እናውቃለን።

«እስከ ሰኞ ይታገሡኝ፣ ጋሼ። ያለ ኔትወርክ ይሠራል» አልኳቸው።

እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። አፌ ቀድሞኝ ነው።

በንዴት ገጹ ላይ አፍጥጬ ሳለ ዓይኔ አድራሻው ላይ አረፈ። ኮሌጁ ውስጥ ስሞክረው በሌላ ስም ይጀምር ነበር፤ አሁን የሚጀምረው ፋይሉ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ለካ የኮሌጁ ኮምፒውተር ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ተጭኖበት ኖሯል፤ ጥያቄዎቹን እያነሣ ለገጹ የሚያቀብለው እሱ ነው። ምግቡን ይዤ አስተናጋጁን ጎንደር ትቼው መጥቻለሁ። ኢንተርኔት ከነጭራሹ አያስፈልገንም ነበር።

ለስልክ ድምፅ ብቻ የሚበቃ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ጎንደር ላለች ጓደኛዬ ደወልኩ። ፕሮግራሙን በፍላሽ ገልብጣ ለአይሱዙ ሹፌር ሰጠችልኝ። መኪናውን ገለጉ ሳይደርስ ጥቁሩ ጭቃ ያዘው። የጎማ ቦቲዬን አድርጌ፣ ጭቃው እየጎተተኝ፣ በእግሬ ሄድኩ። ሹፌሩ ፍላሹን ከደረት ኪሱ አውጥቶ «ለዚች ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሰኞ ሰርቨሩን ላፕቶፔ ላይ አስነሣሁ፤ ተማሪዎቹም በዋይፋይ ስልካቸውን ከላፕቶፔ ጋር አገናኙ። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በር ላይ ቆመዋል። ጥያቄዎቹ መጡ። ብርቱካን የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ልጅ አንዱን መለሰችና ተነሥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ ተሳስተሻል አለኝ እኮ» አለች በደስታ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ስሕተት እንዲያ የተወደደበት ቀን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ጋሽ ታደሰም ስልካቸውን አውጥተው «እስኪ ይችንም አገናኚልኝ» አሉኝ። እስከ ፈተናው ድረስ ስለ አረም ያነሣብን የለም።

ትናንት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስቀር፣ ልጅቷን የተበላሸው በትክክል ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። አላወቀችም። አለማወቅ ነውር የለውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሳይፈትሹ ሰውን ወደ ቤቱ መመለስ ግን ነውር ነው። «ነገ ቢመጡስ?» ስትለኝ «አልመጣም፤ አሁን አብረን እንየው» ብዬ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋሁ።