በአፌ ያሳመምኳት ልጅ

ልጄ አሥራ አምስት ዓመት በሞላት ዓመት ሁዳዴን እስከ መጨረሻው ጾመች። ፋሲካ ሲደርስ እኛ ፈሰክን፣ እሷ ግን በከፊል ብቻ ፈሰከች። በትንሣኤው ጠዋት እናቷ ዶሮ ወጡን ስታቀርብ ልጄ እንጀራዋን በአይብ በላችና ወጡን ሳትነካ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ አልበላም። ወተትም እንቁላልም እበላለሁ። ሥጋ ብቻ ነው የተውኩት።»

«ምነው? አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ሰው ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ጾሙን ሙሉ ሳስበው ነው የከረምኩት። ሲታረድ ማየት አልችልም። ማየት የማልችለውን ነገር ደግሞ መብላት ደስ አላለኝም።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ከባድ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አስተማሪ ነኝ። አባቴ አንኮበር አጠገብ ያለች የአንዲት ትንሽ ደብር ቄስ ነበሩ። የቄስ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው የሚራመደው እንኳ ሰው እያየው መሆኑን እያሰበ ነው። ልጄ ሥጋ አልበላም ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ የእሷ ጤና ወይም ሐሳቧ አልነበረም። ሰው ሃይማኖቷን ለውጣለች ይላል፣ አባቷ ልጁን መምከር አቃተው ይላል ብዬ ነው የፈራሁት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቻችን መጡ። አንዷ፣ ልጄን አዝላ ያሳደገቻት ሴት ናት፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችላት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሥጋ አልበላም።»

«በፋሲካ? እንዴት ነው ነገሩ?» አለች ጎረቤታችን፣ እጇ እንደተዘረጋ። ሁሉም ወደ ልጄ ዞሩ። ልጄ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ጨጓራዋን ነው። ሐኪም ከልክሏት ነው።»

ጎረቤቶቹ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሏት። እንግዶቹ ሲሄዱ ልጄ ሳህን እያነሳች፣ «ለምን እንደዚያ አልክ?» አለችኝ። ለጊዜው ነው አልኳት። በሳምንቱ ጎረቤቶቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡ።

ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ የቅዳሜ ገበያ የእኔ ሥራ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ገበያው ሁሉ ቅቤ፣ እንቁላልና ዶሮ ነው። ለልጄ የሚሆን ፍለጋ ደንበኛዬ ወደሆነች አትክልት ሻጭ ሄድኩ። ከወለጋ ከነልጆቿ ተፈናቅላ የመጣች፣ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ የምትኖር ሴት ናት። ማዳበሪያ አንጥፋ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ድንች ትሸጣለች። ዘንቢሌን በቅጠል ስሞላ አይታ ሳቀች።

«መምህር፣ በፋሲካ ሰሞን ይህን ሁሉ ጎመን ምን ሊያደርጉት ነው?»

እሷ ጎረቤቴ አይደለችም። ከእኔ ወገን ማንንም አታውቅም። እውነቱን ብነግራት ማንም አይሰማም ነበር። ግን ውሸቱ አንዴ መንገድ ስለወጣለት ሁለተኛው ሳላስበው መጣ።

«ልጄ ታማብኝ ነው። ጨጓራዋን። ሥጋ ተከልክላለች።»

ሳቋ ጠፋ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ፤ በጸሎት ላስባት።»

ነገርኳት። ለሌለ በሽታ እውነተኛውን የክርስትና ስሟን ሰጠኋት። ሴትየዋ ስሙን ለራሷ ደገመችው፣ ከዚያ አንድ እስር ጎመን አንስታ ዘንቢሌ ውስጥ ጨመረች። አይሆንም ብላት፣ «ለእርስዎ አይደለም፣ ለበሽተኛዋ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው አንድ እስር ትጨምራለች፤ ምክርም አብሮ ይመጣል። «በርበሬ እንዳያሳይዋት። ድንቹን ከካሮቱ ጋር አልጫ ያድርጉላት። ጠዋት የገብስ ቂንጬ ይስጧት፣ ለሆድ ደግ ነው።»

ቤት ደግሞ ባለቤቴ፣ «የተወችው እሷ፣ የፈቀድክላት አንተ፤ እንግዲህ አብስሉ» ብላናለች። እኔ ከእንቁላል ጥብስ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ምስሩን አሳረርኩት። በኋላ ግን ለመድን። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ድንች እልጣለሁ። እሑድ ምስር በርከት አድርገን እንቀቅልና አንድ ቀን በቲማቲም እንሠራዋለን፣ በማግስቱ ከሩዝ ጋር እንበላዋለን። ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃዋ ቆስጣና የተቀቀለ እንቁላል በእንጀራ እንጠቀልላለን። ልጄ ካደገች ወዲህ ከእኔ ጋር ያን ያህል አውርታ አታውቅም ነበር። ስለ ጓደኞቿ፣ ስለምትፈራው የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ስለ ብዙ ነገር የሰማሁት ድንች እየላጥኩ ነው።

ልጄ ቃሪያ ትወዳለች። ሴትየዋ ፊት ቃሪያ ልገዛ አልችልም፤ ትቆጣኛለች። ስለዚህ ከእሷ ከተሰናበትኩ በኋላ ገበያውን ዞሬ ከሌላኛው ጫፍ ቃሪያ እገዛና ዘንቢሉ ሥር በጋዜጣ ሸፍኜ እወጣለሁ። ስንትና ስንት ተማሪ የኩረጃ ወረቀት ስለደበቀ የገሠጽኩ ሰው ቃሪያ ደብቄ እሄድ ነበር።

ሰኔ ገባ፣ ዝናብ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ልጄ፣ «ዛሬ አብሬህ ልሂድ፤ አትክልቱን እኔ ብመርጥ ይሻላል» አለች።

«ጭቃ ነው፣ ቅሪ።»

«ቦቲ አለኝ» ብላ ተከተለችኝ።

ሴትየዋ ጋ ሳንደርስ ላልፍ አስቤ ነበር። እሷ ግን ከሩቅ አየችን። ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የልጄን ፊት በሁለት መዳፏ ያዘችና ግንባሯን ሳመቻት።

«ይቺ ናት? ተመስገን፣ ፊትሽ ደህና ነው። ሃምሳው እስኪያልፍ ስግደት ስለሌለ በጸሎት ብቻ ነበር የማስብሽ። ከጰራቅሊጦስ ወዲህ ግን እዚህ ከመምጣቴ በፊት ቤተ ክርስቲያን እየገባሁ በየጠዋቱ እሰግድልሻለሁ። እኛ ስንመጣ መንገድ ላይ ልጄ ታሞብኝ፣ የማላውቀው ሰው ቆሞ ጸልዮልኛል። እኔም ለሰው ልጅ ላድርግ ብዬ ነው።»

የቀሚሷ ጉልበት ላይ ጭቃ ነበር። ዓይኔን ከዚያ ጭቃ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

ልጄ አንድ ጊዜ አየችኝ። ሁሉንም እንደተረዳች አወቅሁ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። አሁን ተሽሎኛል።»

ሴትየዋ ፊት ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። ለአንድ ጉርሻ ስትል መዋሸት ያልፈለገች ልጅ ለእኔ ስትል ዋሸች።

አስፋልቱ ላይ ደረስን። «ሰገደችልኝ፣ አባዬ» አለች ልጄ። «አላመመኝም ልላት ፈልጌ ፊቷን ሳይ አቃተኝ። አንተ ንገራት።»

እሺ አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሌላ ሰው ገዛሁ፤ ከዚያ በኋላ ባለውም እንደዚያው። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጄ ዘንቢሉን እያራገፈች «ከማን ገዛኸው?» አለችኝ። «ከሌላ ሰው» አልኳት። ቢላዋዋን አንሥታ ብቻዋን መክተፍ ጀመረች። ድንቹን ልልጥላት ስቀመጥ፣ «ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

ያኔውኑ ወደ ገበያ ተመለስኩ። ሴትየዋ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር።

«ጠፉ እኮ፣ መምህር። ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ድሮም ደህና ነበረች» አልኳት። ሥጋ የተወችው በራሷ ፈቃድ እንደሆነ፣ እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እንደዋሸሁ፣ ልጄም እኔን ላለማዋረድ ብላ ተሽሎኛል እንዳለቻት፣ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። «ሥጋ አለመብላቷ ነው ያሳፈረዎት?»

«አዎ።»

«እኛ መጠለያ ሥጋ ሳይበላ ዓመት ይዞራል። ታማችኋል ያለን ሰው የለም።»

የተረፈውን ጎመን ወደ ማዳበሪያው መክተት ቀጠለች።

«ለጎረቤትዎ ዋሹ፣ እሺ። እኔ ባውቅ ምን ይቀርብዎት ነበር?»

«ምንም» አልኳት። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፣ ሳታየኝ። ማዳበሪያውን ልታነሣ ስትል ላግዛት እጄን ሰደድኩ። «ይተዉት» ብላ ራሷ አንሥታ ተሸከመችና ሄደች።

ጎረቤቶቼንም በዚያው ሳምንት ነገርኳቸው። ያቺ ጉርሻ የዘረጋችው ሴት ሳቀችና «ያን ሁሉ ብርቱካን ታዲያ ማን በላው?» አለች። በዚያው አበቃ። አሁን ድግስ ሲኖር ለልጄ ሽሮ ለብቻ ያስቀምጡላታል። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሳይ ይበልጥ አፈርኩ።

ከሴትየዋ ዛሬም እገዛለሁ። መዝና ትሰጠኛለች፣ «ደህና ይዋሉ» ትለኛለች፣ ሌላ አትጨምርም። ልጄ ስትመጣ ግን አጠገቧ ቁጢጥ ትልና ረጅም ሰዓት ያወራሉ። ሰሞኑን የሚያወሩት ወለጋ ስለሚበላው ሥራ ሥር፣ ስለ አንጮቴ ነው፤ እንዴት እንደሚቀቀል፣ ደጋ ላይ ተተክሎ ይበቅል እንደሆነ። እኔ ዘንቢሉን ይዤ ራቅ ብዬ እጠብቃለሁ። መሃላቸው ገብቼ አንድ ቃል ለመናገር እስካሁን ድፍረት የለኝም።