የነቀልኩት ማሞቂያ

ሞኝነቴን ከመጀመሪያው ልናዘዝና ልገላገል፤ የመኪናዬን ማሞቂያ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሌባ አይደለም፣ መካኒክም አይደለም። እኔው በገዛ እጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እያፏጨሁ ነው የፈታሁት። ነቅዬ ሳበቃ ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ወሰድኩና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሰባት ኪሎ። ደስ አለኝ። ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ደስታዬን አይቶ እስቲ አንተም ውጣ አለኝ፤ ወጣሁ። ዘጠና ስድስት። ሰውዬው ማሞቂያውን አየት፣ ሆዴን አየት አደረገና፣ ክብደት ለመቀነስ ከሆነ የማይሆነውን ነው የፈታኸው ብሎኝ ወደ ጤፉ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ የመኪና እሽቅድምድም ያዘኝ። ሌላውን ሰው በዚህ ዕድሜ ስኳር ነው የሚይዘው። ያለችኝ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ናት። እኔን የመሰሉ ሰዎች በዓመት ሁለቴ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ እንሰበሰብና አቧራ ለአቧራ እንባረራለን። በመጀመሪያው ውድድሬ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ፤ መጨረሻ የወጣው ልጅ ጎማው ፈንድቶበት ነው። ቤት ገብቼ ለሚስቴ መኪናዋ ከብዳ ነው አልኳት። ከዚያ ማቅለል ጀመርኩ። የኋላ ወንበሩን አወጣሁ። ምንጣፉን ገፈፍኩ። የበሮቹን ልብስ አወለቅኩ። የመስኮት ማዞሪያው ሳይቀር ወጣና መስታወቱን በእንጨት ሽብልቅ ደግፌ ተውኩት። መጨረሻ ላይ ማሞቂያው ከነማራገቢያው ወጣ። በሁለተኛው ውድድርም ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ። የኛን ሰፈር ቀራንዮን በሐምሌ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ በራችሁ ላይ ይተኛል፤ ለመውጣት ራሱ ይቅርታ መጠየቅ አለባችሁ። እንዲህ ባለ ጠዋት ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ገብታችሁ ሁለት ጊዜ ብትተነፍሱ የፊት መስታወቱ ነጭ አንሶላ ይሆናል። ያልመከረኝ ሰው የለም። አንድ ታክሲ ነጂ ሲጋራ ፈርፍረህ በትምባሆው እሸው አለኝ፤ አሸሁት፤ መስታወቱ እንዳላበው ቀረ፣ መኪናዋ ግን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሸተተች። ድንች ለሁለት ሰንጥቀህ ቀባው አሉኝ፤ ቀባሁ። ካልሲ ውስጥ ጨው ሞልተህ ስቀል፣ እርጥበት ይስባል አሉኝ፤ ሰቀልኩ። አንድ ቀንማ ላደርቃት ብዬ ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ ውስጧ አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ጢሱ ራሴን ሊያስተኝ ደርሶ ነው ሚስቴ ጎትታ ያወጣችኝ። ይሄን የማወራው ለወሬ አይደለም፤ ማንም እንዳይሞክረው ነው። ሚስቴ ከዚያ በኋላ አንዴ ብቻ ገባች። የተሰቀለውን ካልሲ አየች፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ግማሽ ድንች አየች፣ ወረደችና በእግሯ ሄደች።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑ ያበቃው የአማቴ ቀጠሮ ሲደርስ ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ሠላሳ ዓመት በከባድ መኪና የአሰብን መንገድ የተመላለሱ ሰው ናቸው። አሁን የሚኖሩት ከኛ ጋር ነው። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዶባቸው ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር። ሁለት ዓመት ለመንናቸው። ሞራው ገና አልበሰለም፣ ምን ያስቸኩላል ይሉናል። በስንት ሽማግሌ እሺ ብለው በግንቦት ብንወስዳቸው ያስላቸው ነበርና፣ ሐኪሙ እያሳለዎት ዓይን አይሠራም፣ ሲሻልዎት ይምጡ ብሎ መለሳቸው። እሳቸው ደግሞ ይሄን እንደ መልእክት ወሰዱት። ለሐምሌ ሌላ ቀጠሮ ሲሰጣቸው እኔንና ሚስቴን አስቀምጠው፣ «ይሄኛውም ከተበላሸ እግዜር አልፈለገውም ማለት ነው። ሦስተኛ እንዳትጠይቁኝ» አሉን። የተናገሩትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ሚስቴ ሁለት ነገር አዘዘችኝ። ሆስፒታል መድረሻችን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንዳያልፍ። እንዳይበርዳቸው፤ አንዴ ካሳላቸው አለቀ። የሰው መኪና ተዋስ ብላኝም ነበር። እኔ ግን ምን ሲደረግ፣ በስልክ ታክሲ እጠራለሁ ብዬ ተኮፈስኩ። ጠዋት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። አንዱ ታክሲ እሺ ብሎ የሰፈራችንን ጭቃ ሲያይ ተመለሰ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ሆኖ ሰረዘው። ሦስተኛው ስልኩን አያነሳም። በር ላይ ስወጣ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሚስቴ ቆማ ታየኛለች። ያለችው ዲኤክስ ብቻ ናት። ያላት ወንበር ደግሞ ሁለት ነው፤ ሚስቴ በሚኒባስ ልትከተለን ሆነ።

እንዳይበርዳቸው ብዬ አንድ መላ ፈጠርኩ። ውሃ አፈላሁና በአራት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ሁለቱን እግራቸው ሥር፣ ሁለቱን ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ሚስቴ በፔርሙስ አድርገው ስትለኝ አልሰማኋትም። በፈላ ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ምን እንደሚሆን ልጅም ያውቃል። እንደ ሽማግሌ ፊት ይጨማደዳል፤ ቀጥሎ ክዳኑ ይላቀቅና ያፈስሳል። ምንጣፍ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ሙቅ ውሃ ሲፈስ ደግሞ ይተናል። ሰፈራችንን ሳንጨርስ መኪናዋ ባኞ ቤት ሆነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቃለች፤ ብቻ ምንም አይታይም።

እኔ ስፈራ አወራለሁ። ሳልፈራም አወራለሁ፤ ስፈራ ግን ይብስብኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ሞራው ወጥቶለት ስድስት ወር የጠፋበትን በሬ ስላገኘ ሰውዬ፣ ዝም ብዬ እፈጥራለሁ። አማቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰሙኛል። ዓይናቸው ባያይም ነጂ ናቸውና መኪናው መዘግየቱ ገባቸው። ምን ሆነህ ነው የምትንቀረፈፈው አሉኝ። መስታወቱ አልቦት ነው አልኳቸው።

«ስታወራ ነው» አሉ። «ጣርማ በር ላይ ጉም ሲይዘን ረዳቴን አፉን በፎጣ ነበር የማስረው። አፍህን ዝጋና በአፍንጫህ ተንፍስ።»

ዝም አልኩ። እኔን ዝም ማለት እንዴት እንደሚያደርገኝ ልነግራችሁ አልችልም። መሪውን በጣቴ እመታለሁ። በአንድ እጄ መስታወቱ ላይ ሳህን የምታክል ቀዳዳ እጠርጋለሁ፤ ቀና ስል ተዘግቷል። ሽብልቁን ነቅዬ መስኮቱን ባወርደው ጉሙ ይለቃል፤ ግን ብርዱ ይገባል፤ ብርዱ ከገባ ሳሉ ይመጣል። ሽብልቁን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። እሳቸው መድኃኔዓለም ስትደርስ ንገረኝ፣ እሳለማለሁ ብለውኛል። በሳህኗ ቀዳዳ ግንብ የመሰለ ነገር አየሁና ደርሰናል አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ፤ እኔም ተሳለምኩ። ቀና ስል ከፊታችን ያለው የብሎኬት መሸጫ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ትንሽ አለፍ ብሎ መጣ። ድጋሚ ይሳለሙ ብል ጉድ ነው፤ ለብቻዬ ተሳለምኩና በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ጦር ኃይሎች ስንደርስ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ሚኒባስ ከግራ፣ አውቶቡስ ከቀኝ፣ ከኋላ ክላክስ። አንድ ሰዓት ከአምስት። ሰዓቴን አያለሁ፣ መስታወቱን እጠርጋለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። አሥር። ከዚያ አማቴ ቀስ ብለው «መልሰኝ» አሉ።

ያልሰማሁ መሰልኩ።

«መልሰኝ እልሃለሁ። እግዜርም አልፈለገው፣ መንገዱም አልፈለገው።»

የሐኪሙን ቢላ ፈርተው መሰለኝና ምንም እንደማያም ልነግራቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ሠላሳ ዓመት በጉም ውስጥ ሰው ዝም ያሰኙት ሰውዬ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። ቢላው አይደለም አሉ። ከዚያ ምን እንደሆነ ነገሩኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ነው የነገሩኝ።

«ዓይኔ ነው እላለሁ። የማልነዳው ዓይኔ ነው። ዕድር የማልሄደው ዓይኔ ነው። ደረጃ ስወርድ አንተን የምይዝህ ዓይኔ ነው። ነገ ሞራው ተነሥቶ እጄ እምቢ ቢለኝስ? እግሬ እምቢ ቢለኝስ? ያኔ ምን ላሳብብ ነው?»

መስታወቱ ድፍን አለ። የፊቱም፣ የጎኑም፣ ስፖኪዮው የሚታይበት ጥግ ሳይቀር። አልጠረግኩትም። ያንን ሰዓት ብጠርግ የማቋርጣቸው መሰለኝ። ቀልድ ፈለግኩ፤ ሁልጊዜ አፌ ላይ የሚቀድመኝ ቀልድ የዚያን ቀን የለም። ያለው እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ነገርኳቸው።

«አባባ፣ እኔ እኮ ከዚህች መኪና ያልነቀልኩት ነገር የለም። ከብዳ ነው፣ ከብዳ ነው እያልኩ። ወንበሯንም፣ ማሞቂያዋንም። አሁን ሊነቀል የቀረው እኔ ብቻ ነኝ። ቀርፋፋው እኔ ነኝ ለካ።»

«አወቅከው?»

«አወቅኩት።»

«ታዲያ ተውክ?»

«ምን እተዋለሁ። ለመጪውም ውድድር ተመዝግቤያለሁ።»

ትከሻቸው ተነቃነቀ። መጀመሪያ ያለቀሱ መሰለኝ። እየሳቁ ነው። ሲስቁ ደግሞ ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ከር ከር አለ፤ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። መሪውን ጨምቄ በልቤ ብሎኬት መሸጫውንም ጭምር ተሳለምኩ። ዋጥ አደረጉት። አለፈ። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ በመዳፋቸው ጠቅልለው፣ የማያዩትን መስታወት ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ቦታ ሳይዘሉ ጠረጉት። የአውቶቡሱ ኋላ ወለል ብሎ ታየኝ።

«ንዳ» አሉኝ።

ነዳሁ። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ እሳቸው ይጠርጋሉ፣ እኔ እነዳለሁ፤ ሁለታችንም በአፍንጫችን እንተነፍሳለን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተሳካ ውድድር ነድቼ አላውቅም፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ በሩ ላይ ነበርን። ነርሷ ያስልዎታል ወይ ስትላቸው አያስለኝም አሉ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠና ንጹሕ ነው አለ። ሱሪያቸውና ካልሲያቸው ለምን እንደራሰ ነርሷ ስትጠይቃቸው ግን በጣታቸው ወደኔ ጠቆሙ። ሚስቴ ደርሳ መተላለፊያው ላይ ሁለታችንም መቀመጥ አቅቶን ስንመላለስ፣ ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ ምን ጠፋባችሁ ብሎናል።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ እኔ ነበርኩ አጠገባቸው። መጀመሪያ እጃቸውን አገላብጠው አዩ፤ ጣቶቻቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ ደረጃውን ወረዱ። ቀስ ብለው ነው፤ ጉልበታቸው ይንቋቋል፤ ክንዴን ግን አልያዙም። መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆም አሉና፣ ዓይኔ አይደለም ለካ፣ ጉልበቴ ነው አሉ። እንደ ተራ ነገር ነው ያሉት።

ዲኤክሷ በር ላይ ቆማለች። ዞሯት። እርቃኑን የወጣውን በር አዩ፣ የተንጠለጠለውን ሽቦ አዩ፣ የጨውን ካልሲ፣ ድንቹን፣ የተጨማደዱትን አራት ጠርሙሶች አዩ። ማሞቂያው የነበረበትን ቀዳዳ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ገብተው ተቀመጡ። ብሎኬት መሸጫው ጋ ስንደርስ ዘወር ብለው አዩኝ፤ መድኃኔዓለም ጋ ኮፍያቸውን አውልቀው ተሳለሙ።

ቤት ስንደርስ ሚስቴ በር ላይ ቆማ፣ አባዬ ታየህ ወይ አለቻቸው። አማቴ እሷን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

«ልጄን የሰጠሁህ ጊዜ» አሉኝ፣ «ዓይኔ ደኅና ነው ብዬ ነበር የማስበው።»